በጃፋር ስም የታረደው በግ

ሀጂ ሙናዊር ከመግባታቸው በፊት ድንኳኑ ውስጥ የነበረው ነገር እንዲህ ነበር። ወንዶቹ በእድሩ አግዳሚዎች ላይ ተደርድረው ስለ ዶላር ጭማሪ በሹክሹክታ ያወራሉ። ጥግ ላይ ሁለት ቴርሞስ ሻይና አንድ ሰፌድ ዳቦ አለ። ቤቱን ከድንኳኑ የሚለየው መጋረጃ እስከ ግማሽ ተስቧል፤ ከመጋረጃው ጀርባ፣ በቤቱ በኩል፣ ፍራሹ ላይ፣ ሁሪያ ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ ተቀምጣለች። ባሏ ጃፋር ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ዛሬ ዱዓ ተደርጎ ድንኳኑ ይነሳል። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ማንም ምንም አልጠየቃትም።

ሀጂው ሲገቡ አግዳሚው ሁሉ ብድግ አለ።

“ተቀመጡ፣ ኧረ በአላህ ተቀመጡ” አሉ፣ ያልተነሳ ሰው አለመኖሩን ካዩ በኋላ።

ሁሪያ በመጋረጃው ክፍተት አየቻቸው። ነጭ ጀለቢያ፣ በስታርች የደረቀ ቆብ፣ በቀኝ እጅ መቁጠሪያ። ሀዘን ቤት የሚገቡት ሱቅ እንደሚገቡ ነው፤ ዕቃውን ዙሪያውን ሳይቃኙ አይቀመጡም።

“ማነው የመጣው?” አለች ጎረቤቷ ጠይባ፣ ለሴቶቹ ሻይ እየቀዳች።

“የሽማግሌዎቹ አለቃ።”

“ቀስ በይ እንጂ፣ ይሰማሉ።”

“እሳቸው? ሰምተው አያውቁም።”

ጀናዛው ከቤት ሲወጣም ከፊት የቆሙት እሳቸው ነበሩ። በልማዱ፣ ቃሬዛው ከመነሳቱ በፊት አንድ ሰው ወደ ሕዝቡ ይዞርና፣ ሟቹ ያስቀየማችሁ ካላችሁ አውፍ በሉት፣ ይቅር በሉት፣ ብሎ ይጠይቃል። የጠየቁት ሀጂ ሙናዊር ናቸው። “አውፍ ብለነዋል” ብለው ከሁሉ ቀድመው፣ ከሁሉ ጮክ ብለው የመለሱትም ራሳቸው። ሁሪያ ከውስጥ ሆና ሰማች። ጃፋር ምን አድርጓቸው እንደሆነ አሰበች። ያስቀየማቸው ነገር ካለ፣ ንጹህ ሆኖ መገኘቱ ነው።

ጃፋር ከአንዋር መስጊድ ጀርባ ጨርቅ ይሸጥ ነበር። ሱቁና የሀጂው መጋዘን አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። በ1987 ዓ.ም. አንድ ማታ መጋዘኑ ተቃጠለ፤ ዘበኛው ጣሰው ውስጥ ተኝቶ ነበርና ሞተ። በዚያ ሳምንት ጃፋር ስለ ግድግዳው ስንጥቅ ከሀጂው ጋር ተጨቃጭቋል። በዚያ ምሽትም ከሁሉ ዘግይቶ ሱቁን የዘጋው እሱ ነው። ፖሊስ ይህን ይዞ አሰረው። ለፍርድ ቤት ግን ገና አይበቃም ነበር። የጎደለውን የሞሉት ሽማግሌዎቹ ናቸው።

ክፋት አስበው አይደለም፤ ሁሪያን ከሁሉ የሚያንገሸግሻት ይኸው ነው። በሀጂው ሳሎን ተሰብስበው መከሩ። ልጁ ሊፈረድበት ነው፤ ከሟች ቤተሰብ ጋር ቀድሞ ከታረቀ ዳኛው ያቀልለታል። በመኪና ሰው የገጨም፣ ተጣልቶ ሰው የፈነከተም ሽማግሌ ይልካል፤ ጃፋር ከማን ይበልጣል? ማቃጠል አለማቃጠሉን ግን የጠየቀው የለም። ለእርቅ የሚያስፈልግ ጥያቄ መስሎም አልታያቸው። በጃፋር ስም ካሳ አዋጡ፣ በጃፋር ስም በግ ገዙ፣ ከአውቶቡስ ተራ ተሳፍረው ጣሰው አገር ድረስ ወረዱ። በጉን የጣሰው ወንድም አረደ። ሽማግሌዎቹ የክርስቲያን እርድ ነውና ስጋውን አልቀመሱም፤ ሻይ ጠጥተው፣ ተቃቅፈው፣ በሠሩት ሥራ ደስ ብሏቸው ተመለሱ።

ጃፋር ስለ በጉ የሰማው ችሎት ላይ ነው።

“ካላቃጠለ ለምን ካሰ?” አለ ዐቃቤ ሕጉ። ሀጂው ምስክር ሆነው ቀርበው፣ አዎ ታርቋል፣ እኛው ነን ያስታረቅነው፣ አሉ። ደረታቸውን ነፍተው ነበር። ጃፋር “እኔ የላክሁት ሽማግሌ የለም” ሲል አንገታቸውን እየነቀነቁ አዩት፤ ውለታ እንደካደ ሰው። ዳኛውም እንደዚያው አዩት። ተከሳሹ በስሙ የተፈጸመውን እርቅ እንኳ ክዷል፣ የጸጸት ምልክት አላሳየም፣ ስለዚህ ቅጣቱ ሊከብድ ይገባል። አስራ ስምንት ዓመት።

“ሀጂ እኮ ብዙ ደክመውለታል” አለች ከጠይባ አጠገብ የተቀመጠች የሩቅ ዘመድ፣ ዳቦዋን እየቆረሰች።

“በጣም” አለች ሁሪያ። “ባይደክሙለት ኖሮ በነጻ ይወጣ ነበር።”

ሴትዮዋ ቁራሹን አፏ ውስጥ ከተተች።

እውነቱ የወጣው ጃፋር አስራ አንድ ዓመት ከታሰረ በኋላ ነው። የሀጂው መጋዘን ኃላፊ የነበረው ኢስሐቅ በሌላ ስርቆት ተይዞ ሲመረመር የድሮውንም ዘረገፈው። ዕቃ እያወጣ ሲሸጥ ኖሮ ቆጠራ ሲደርስበት እሳት ለኮሰ። ዘበኛው ውስጥ መተኛቱን አላወቀም። ኢስሐቅ ችሎት ላይ አለቀሰ፤ ትናንሽ ልጆች እንዳሉት ተናገረ፤ እነዚያው ሽማግሌዎች ያንኑ መንገድ ወርደው አስታረቁት። ሰባት ዓመት ተፈረደበት፣ እሱንም ሳይጨርስ በአመክሮ ወጣ። አሁን ሞባይል ይሸጣል። ላቃጠለና ላለቀሰ ሰባት፤ ላላቃጠለና ላላለቀሰ አስራ ስምንት። ሁሪያ ይህን ስታስብ ንዴት እንኳ ትቷት ሄዷል፤ የቀራት ንቀት ነው።

ጃፋር ሲፈታ ሰፈሩ እየመጣ “እንኳን አላህ ማረህ” አለው።

“ምሕረት አይደለም። አላደረግሁትም” ይላል ጃፋር።

“ይሁን፣ ይሁን። ዋናው መውጣትህ ነው።”

መጀመሪያ ሰሞን እያንዳንዱን ሰው አርሟል። ኋላ ሻይ ብቻ ያቀርብ ጀመር። ሱቁን ሌላ ሰው ይዞታል፤ እሱ በዘመዶች ሱቅ ጣቃ እየዘረጋ ዋለ። ከዚያ የጠይባ ልጅ ኒካ፣ የጋብቻ ውሏ፣ መጣ። የጠይባ ባል ሁለተኛው ምስክር እንዲሆን ጃፋርን ጠየቀው። ጃፋር ጃኬቱን አስተኩሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ሄዶ ከፊት ተቀመጠ። ሀጂ ሙናዊር ወደ ጆሮው ጎንበስ ብለው፣ “ለወጉ ያህል ሌላ ሰው ይሁን፣ አይከፋህም መቼም” አሉት። ጃፋር ተነስቶ ወደ በሩ ጥግ ሄደ። እቤት ሲመጣ ጃኬቱን ሰቀለና “ሩዙ ጥሩ ነበር” አለ። ሁሪያ የሆነውን የሰማችው በማግስቱ ከጠይባ ነው፤ ጠይባም ስትነግራት መሬት መሬት እያየች ነበር።

ዱዓው አለቀ። አሚን ተባለ፣ ፊት ተዳበሰ። ወንዶቹ ጫማቸውን መፈለግ ሲጀምሩ ሀጂው ወደ መጋረጃው ቀረቡ።

“ሁሪያ፣ ልጄ።”

“አቤት ሀጂ።”

“እኛ ጃፋርን አውፍ ብለነዋል።”

“ሰምቻለሁ።”

“እንግዲህ…” መቁጠሪያው እጃቸው ላይ ቆመ። “ሰው ነንና፣ የሱም ሀቅ በኛ ላይ ቀርቶ ይሆናል። አላህ የራሱን ሀቅ ይምራል፤ የሰውን ሀቅ ግን ባለሀቁ ካልማረ አይምርም። እኔም እንደምታይኝ ነኝ፣ ዕድሜዬ ገፍቷል። በሱ ፋንታ አውፍ በይን።”

ሁሪያ ሦስቱን ቀን ሙሉ የተመላለሱት ለምን እንደሆነ አሁን ገባት። ጃፋር ቆሞ ሲሄድ ያልፈሩትን ሰው፣ አፈር ሲለብስ ፈሩት።

“ቃሉ የሱ ነው ሀጂ።”

“ወራሹ ነሽ እኮ።”

“የወረስኩት አንድ ጃኬትና አንድ ሬዲዮ ነው።”

ከአግዳሚው አንዱ ሳቁን ወደ ሳል ቀየረው። ጠይባ ክንዷን ያዘቻት። “በይላቸው በቃ” ብላ አንሾካሾከች። “ሽማግሌ ናቸው። አንድ ቃል ናት።”

አንድ ቃል መሆኗ እውነት ነው። ሰው ሁሉ ያቺን ቃል ይዞ በሰላም ወደ ሱቁ ሊመለስ ይፈልጋል። ጃፋር ግን ይቅር ብሏቸው ይሆን? ሁሪያ አታውቅም። አልነገራትም፤ እሷም፣ ሥራ ላይ ውሎ ማታ ሲመጣ እግሩን እያጠበችለት፣ አንድም ቀን አልጠየቀችውም። ያንገበገባት ግን ይህ ነው። እነዚህ ሰዎች ሳይጠይቁት በስሙ አረዱ፣ በስሙ ካሱ፣ በስሙ ተጸጸቱ። አሁን ደግሞ ሳትጠይቀው በስሙ ይቅር በይ ይሏታል።

ተነስታ መጋረጃውን ከፈተች። ወንዶቹ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ።

“እሱ ያላለውን እኔ አልልም” አለች። “እርስዎ ግን የሚያውቁትን መናገር ይችላሉ። እዚሁ፣ ሰው ሳይበተን። ጃፋር አላቃጠለም ይበሉ። ሳንጠይቀው ነው የታረቅንለት ይበሉ።”

“ይህንን እኮ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ልጄ።”

“ካወቀው ለመናገር አይከብድም።”

ሀጂ ሙናዊር ወደ ሰዉ ዞሩ። ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። የችሎቱ ዕለት እንዲህ አላስቸገራቸውም ነበር።

“ጃፋር…” አሉ፣ “እንግዲህ… አላቃጠለም ተብሏል።”

“ተብሏል?” አለች ሁሪያ።

“ፍርድ ቤቱ ብሏል።”

“እርስዎስ?”

ከውጭ የሚኒባስ ጥሩንባ ይሰማል። አግዳሚዎቹ ላይ ያሉት ሁሉ ሀጂውን ያያሉ፤ የሚረዳቸው ግን አልተገኘም። ቆባቸውን አስተካከሉ። “የሆነው ሁሉ በአላህ ውሳኔ ነው” ብለው ቀስ እያሉ ወጡ፤ ጫማቸውን ያቀረበላቸው ሰው ነበር። ሌሎቹም “አላህ ያጽናሽ” እያሉ ተከትለው ወጡ። ጠይባ ብቻ ቀረች፤ ብርጭቆዎቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች፣ ቀና ብላ ሳታያት።

የእድሩ ሰዎች ድንኳኑን ለማፍረስ መጡ። አንደኛው ለሰፈሩ አዲስ ነው፤ ማን እንደሞተም በቅጡ አያውቅም። ካስማውን ነቅሎ ገመዱን መፍታት ሲጀምር ሁሪያ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

“አላቃጠለም” አለችው።

“እ? ምን አሉኝ እትዬ?”

“ባለቤቴን ነው። መጋዘኑን እሱ አላቃጠለም።”

ሰውየው አያት። ከዚያ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። “እሺ እትዬ” አለ። “ይቺን ጫፍ ይያዙልኝማ፣ እንዳይወሳሰብብኝ።”

ሁሪያ የገመዱን ጫፍ በሁለት እጇ ያዘች። ሰውየው ከወዲያ በኩል በክርኑ ላይ እየጠቀለለ ቀረበ። ድንኳኑ ከአሱር ሶላት በፊት ተጣጥፎ ሊጫን ነው፤ አውፍ የሚለው ቃል ግን ከዚያ ቤት አልወጣም። ገመዱ ተጠቅልሎ እሷ ዘንድ ሲደርስ ሰውየው ጫፉን ለመቀበል ሁለት ጊዜ መጠየቅ ነበረበት።