ቆርኬ ለማየት ሽማግሌ ምን ያደርጋል?

አለምነሽ አቶ ወልደአማኑኤልን ከመኪናው የፊት ወንበር ላይ ስታያቸው እግሯ ከግቢው በር ላይ ተተከለ።

እኚህ ሰው ክፉ አይደሉም። መናኸሪያ አካባቢ እንደሳቸው የሚከበር የቤተክርስቲያን ሽማግሌ የለም፤ ባልና ሚስት ያስታርቃሉ፣ በድንበር የተጋፉ ጎረቤቶችን ያስማማሉ። ግን ሌላም ሥራ አለባቸው። ሰው በሩቅ አገር ሲሞት ለቤተሰቡ መርዶ የሚነግሩት እሳቸው ናቸው። በማለዳ ጥቁር ኮታቸውን ደርበው የአንዱን በር ካንኳኩ ሰፈሩ በሙሉ መስኮት ላይ ነው። የአለምነሽ ሱቅ ከአውቶቡስ ተራው ፊት ለፊት ስለሆነ በየትኛው ቅያስ እንደታጠፉ ሁልጊዜ ቀድማ ታያለች፤ "ዛሬ ደግሞ የማን ቤት ይሆን?" ትላለች። ዛሬ ያንኑ ኮት ደርበው ከአማቿ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል።

"እሳቸውም ይሄዳሉ?" ብላ ልጇን ሮዳስን ጠየቀቻት።

"አዎ እማዬ፤ ቆርኬ አይተው አያውቁም።"

"እኔስ መቼ አየሁ? ቆርኬ ለማየት ሽማግሌ ምን ያደርጋል?"

ሮዳስ ከጥርሷ ያላለፈ ሳቅ ሳቀችና የኋላውን በር ከፈተችላት።

ነገሩ የጀመረው ረቡዕ ነው። ሮዳስ ከቢሮ ስትወጣ ወደ ሱቁ ብቅ አለችና፣ "እማዬ፣ ቅዳሜ ሱቁን ዝጊና ሰንቀሌ መጠለያ እንሂድ፤ ቆርኬ እንይ፤ ማታ እንመለሳለን" አለች። አለምነሽ ሳቀች። ቅዳሜን የሚያህል ቀን ዘግቶ የዱር እንስሳ ለማየት የሚሄድ ነጋዴ ከየት ተገኝቶ! ባሏ ሽበሺ በሕይወት ሳለ እንኳ ሽርሽር ማለት በባጃጅ ሐይቁ ዳር ወርዶ ዓሣ መብላት ነበር፤ እሱንም እያዛጋ ነው። እምቢ አለች። በማግስቱ አማቿ በርናባስ ራሱ መጥቶ ለመናት። አማች አማቱን ለሽርሽር ሲለምን ወይ ብድር ፈልጓል ወይ ነገር ደብቋል። በርናባስ ብድር አልጠየቀም።

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ አለምነሽ በዚህ ተረት ዕድሜዋን ሙሉ ነግዳበታለች። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ሮዳስ ገና ጎህ ሳይቀድ መጥታ ጨጨብሳ በማር አቀረበችላትና፣ "ብዪ እማዬ፣ ጨምሪ፣ ይቺን ብቻ" እያለች አናቷ ላይ ቆመች። መርዶ የሚነገረው ሰው አስቀድሞ እህል እንዲቀምስ ይደረጋል፤ ከሰማ በኋላማ ማን ይበላል? ከዚያ ደግሞ፣ "ስልክሽን አምጪ፣ ቻርጅ ላድርግልሽ" ብላ ወሰደችው። አሁን መኪናው ሲንቀሳቀስ አለምነሽ ቦርሳዋን ብትዳብስ ስልኩ የለም።

"ውይ፣ ሶኬት ላይ ረሳሁት!" አለች ሮዳስ። መቼም ረስታ የማታውቅ ልጅ ናት።

አለምነሽ ከዚያ በኋላ መንገዱን አላየችም፤ ሰዎቹን ነው ያየችው። በልቧ ውስጥ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ልጇ ዋሲሁን። ሽበሺ የቡሹሎውን መሬት ሸጦ ደቡብ አፍሪካ የላከው፣ አንድ ወንድ ልጇ። እዚያ የሰው ሱቅ ውስጥ እንደሚሠራ፣ ብርዱ እንደሚያስቸግረው በሮዳስ ስልክ እየደወለ ይነግራት ነበር። አባቱ ባለፈው ዓመት ሲሞት እንኳ ወረቀቱ አላለቀለትምና አልመጣም። ለፋሲካ ደወለ። "ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት" አለችው። መስመሩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። ሮዳስን በጠየቀቻት ቁጥር መልሱ ኔትወርክ ነው። በዚያ አገር የሐበሻ ሱቅ ተዘረፈ፣ ተቃጠለ የሚለውን ወሬ ግን ኔትወርክ አያግደውም፤ መናኸሪያ ሳይውል ሳያድር ይደርሳል።

ሻሸመኔን አልፈው ወደ አጄ ሲያቀኑ ልትፈትናቸው ወሰነች።

"ትናንት ዋሲሁንን በሕልሜ አየሁት" አለች። ውሸቷን ነው፤ ትናንት እንቅልፍም አልወሰዳት። "ነጭ ለብሶ በር ላይ ቆመ። ግባ ብለው እምቢ አለኝ።"

ሮዳስ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። በርናባስ ማርሽ ሳተና መኪናው ተንገጫገጨ። ወትሮ መዝሙር ከፍቶ ጆሮ የሚያደነቁር ሰው፣ ዛሬ ቴፑን አልነካውም። አቶ ወልደአማኑኤል ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"የሕልም ፍቺ የእግዚአብሔር ነው፣ እህቴ አለምነሽ" አሉ።

አበቃ። በቃ፣ ልጄ የለም አለች በሆዷ። ልትጮህ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። እሳቸው በአፋቸው እስካልተናገሩት ድረስ ዋሲሁን አልሞተም። መርዶ እስኪነገር ሰው በሕይወት ነው። እንግዲህ ሥራዋ እንዳይነግሯት ማድረግ ነው፤ ለአንድ ሰዓትም ቢሆን፣ እስከ ማታም ቢሆን። እስካሁን ምስጢሩን ለማውጣት ስትጎነጉን የቆየችው ሴት፣ ከአጄ አስፋልቱን ትተው በአቧራው መንገድ ሲገቡ ምስጢሩን ለማፈን መጎንጎን ጀመረች።

መጠለያው በር ላይ ሲደርሱ ሮዳስ ወርዳ ከጥበቃው ጋር ተንሾካሾከች። ሰውየው አንገቱን አስግጎ ወደ መኪናው ተመለከተ።

"እናትየዋ እሳቸው ናቸው?" ሲል ተሰማ።

አለምነሽ ፊቷን በነጠላዋ ከለል አደረገች። ይሄም ሰምቷል ማለት ነው! ከልጇ ሞት ጋር የማይገናኝ የበር ጥበቃ ሳይቀር አውቆ እሷ ብቻ ቀርታለች። ተናደደች፤ ንዴቱም ለጊዜው ከእንባ አዳናት።

ሜዳው ሰፊ ነው፤ ሣሩ እስከ ጉልበት ይደርሳል፣ ግራር እዚህም እዚያም ቆሟል። ቆርኬዎቹ ራቅ ብለው ይግጣሉ፤ መልካቸው ዳማ፣ ፊታቸው ረጅም፣ ቀንዳቸው ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ቁመናቸው ሲታይ ፈረስ ለመሆን ተነስታ ሐሳቧን የቀየረች ላም ይመስላል። ከአንዱ ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጠፈ። ቆጮና ጎመን ያለበት አገልግል ወረደ። አቶ ወልደአማኑኤል ኮታቸውን አስተካከሉ።

"እህቴ አለምነሽ፣ እስቲ ቁጭ በይ።"

ቁጭ በይ! ይህን ቃል ታውቀዋለች። መርዶ ቆሞ ለሚሰማ ሰው አይነገርም።

"ቆሜ ይሻለኛል ጋሼ። ያቺ ለብቻዋ የቆመችው ምን ሆና ነው?"

"የትኛዋ?"

"ያቺ፣ ቀንዷ ሰበር ያለው።"

"እኔ እንጃ። ... አለምነሽ፣ ሰው በዚህ ዓለም ሲኖር..."

"ምን ይበላሉ? ሣር ብቻ? ጨውስ ይሰጣቸዋል?"

"እማዬ" አለች ሮዳስ።

"ተዪኝ፣ ላውቅ እፈልጋለሁ! ቆርኬ ልታሳዪኝ አይደል ያመጣሽኝ? በርናባስ፣ ጅብ አይበላቸውም?"

በርናባስ ተጨነቀ። ጅብ ይብላቸው አይብላቸው የሚያውቀው ነገር የለም፤ ያም ሆኖ ለአማቱ አክብሮት ሲል ረጅም መልስ ሰጠ። አለምነሽ አንዱንም አልሰማችው። ዓይኗ ያረፈው በሽማግሌው አፍ ላይ ነው። ከንፈራቸው በተከፈተ ቁጥር ሌላ ጥያቄ ታመጣለች፤ ስንት ወር ያረግዛሉ፣ መንታ ይወልዳሉ ወይ፣ ዝናብ ሲጥል የት ይገባሉ። በመጨረሻ የምትጠይቀው አለቀባት። አቶ ወልደአማኑኤል ክንዷን ያዙ።

"እህቴ፣ አሁን የምነግርሽን በትዕግሥት ስሚኝ።"

"የት ተቀበረ?" ብላ ጮኸች። "ይሄንን ብቻ ንገሩኝ! ሰው አገር ማን ቀበረው? አፈር ያለበሰው ማን ነው?"

"ማንን?"

"ዋሲሁንን! ልጄን!"

ሮዳስ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሽማግሌው ደንግጠው ወደኋላ አሉ። መርዶ በመንገር ስማቸው የገነነ ሰው፣ የገዛ ስሜ እንዲህ ይቀድመኛል ብለው ለአፍታም አላሰቡም ነበር።

"በሕይወት ነው! እህቴ፣ ልጅሽ ደኅና ነው። እኔ የመጣሁት ለእርቅ ነው።"

"እርስዎን አላውቅዎትምና ነው! መጀመሪያ 'ደኅና ነው'፣ ቀጥሎ 'ትንሽ አሞታል'፣ ከዚያ..."

"ዋሲሁን!" ብለው ወደ ዛፎቹ ተጣሩ። "ና ውጣ! እናትህን ልትገድላት ነው!"

ከግራሮቹ ጀርባ የጥበቃ ልብስ የለበሰ ሰው ወጣ። ጠቁሯል፣ ጢሙን አሳድጓል። ሲራመድ ግን አንድ ትከሻውን ዘንበል ያደርጋል፣ ልክ እንደ አባቱ። መጥቶ እግሯ ላይ ወደቀ፤ ጎትታ አነሳችውና አንገቱን አሸተተችው፣ ጆሮውን ዳበሰችው፣ ጉንጩን ሳመችው። "ልጄ፣ ልጄ" ከማለት በስተቀር ቃል አልወጣትም። ከዚያ ልብሱን አየች።

"መቼ መጣህ? ይሄ የምን ልብስ ነው?"

ዋሲሁን አንገቱን ደፋ። የነገራት አጭር ነው። ደቡብ አፍሪካ አልደረሰም። ደላሎቹ ኬንያ ላይ ጥለውት ጠፉ፤ ታሰረ፣ ተመለሰ። የቡሹሎው መሬት ተሽጦ አልቋል። በምን ፊቱ አባቱ ቤት ይግባ? አጄ ላይ የቀን ሥራ ሲሠራ ቆየና እዚህ በጥበቃ ተቀጠረ። ስልክ የሚደውለው ከዚያ ማዶ ካለው ጉብታ ላይ ነው፤ ኔትወርክ የሚገኘው እዚያ ነው። ሮዳስ የምታውቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ነው። በፋሲካ እናቱ ዓይንህን ሳላይ እንዳልሞት ስትለው ግን ከዚያ በኋላ መዋሸት አቃተው።

አለምነሽ አንድ ቀን በስልኩ ውስጥ አህያ ሲያናፋ ሰምታ፣ "እዚያም አህያ አለ?" ብላው እንደነበር አሁን ትዝ አላት። "ሞልቷል" ነበር ያላት። የአገሩን ሰው ሁሉ ስትጠረጥር ኖራ አህያውን አለመጠርጠሯ አበሸቃት። ከእቅፏ አራቀችው።

"አባትህ የተቀበረ ቀን የት ነበርክ?"

"እዚሁ።"

"እዚሁ!" አለች። "ጠዋት የተነሳ ሰው ለቀብር ይደርሳል! ለቀስተኛ ሁሉ 'ወንድ ልጁስ?' ሲለኝ፣ 'ሰው አገር ነው፣ ምን ያድርግ' እያልኩ ስሟገትልህ..."

"በቁሙ ዓይኑን ለማየት ያልደፈርኩትን ሰው ሬሳው ላይ እንዴት ልድፈር እማዬ?"

አቶ ወልደአማኑኤል ጣልቃ ሊገቡ ሲሉ በእጇ ከለከለቻቸው። አንድ ነገር ከነከናት።

"ማን አረዳህ?"

"ሮዳስ። በስልክ።"

"በስልክ? መርዶ በስልክ?" ወደ ሮዳስ ዞረች፤ ሮዳስ ፊቷን ሸፍና ታለቅሳለች። "አጠገብህስ ማን ነበር?"

"ማንም። ተረኛ ነበርኩ። እነሱን ስጠብቅ ዋልኩ" ብሎ ወደ ቆርኬዎቹ አመለከተ።

"አላለቀስክም?"

"አባቴ ሞተ ብል፣ 'ታዲያ ለምን አትሄድም?' ይሉኝ የለ? ለማንም አልተናገርኩም።"

የአለምነሽ ንዴት አልበረደም፤ ለንዴቱ ገና ብዙ ቀን አላት። ግን ይሄ ልጅ አባቱ ሞቶበት ትከሻውን የያዘው፣ ውኃ ያቀበለው፣ አይዞህ ያለው አንድ ሰው የለም። በአገሯ ለጠላትም እንዲህ አይደረግም። ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች፤ ቆጮውን በጎመን ጠቀለለችና ወደ አፉ አቀረበች።

"መጀመሪያ ብላ።"

"እማዬ፣ አልራበኝም"

"ብላ አልኩህ!"

በላ። ደጋግማ አጎረሰችው፤ ውኃ አጠጣችው። በርናባስ ግራ ገብቶት ሚስቱን ያያል። አቶ ወልደአማኑኤል ግን ገብቷቸዋል፤ ቀስ ብለው ተጠግተው ከዋሲሁን ጀርባ ቆሙ። አለምነሽ ነጠላዋን አዘቀዘቀች። ሁለት እጇን የልጇ ትከሻ ላይ አሳረፈች።

"ዋሲሁን ልጄ፣ አባትህ ሽበሺ ሞቷል" አለችው።

ዓመት ሙሉ ያወቀው ነገር ነው። ግን እንዲህ ከሰው አፍ፣ ከሰው እጅ ጋር ሰምቶት አያውቅም። "አባዬ!" ብሎ ጭኗ ላይ ተደፋ። ቆርኬዎቹ አንገታቸውን ቀና አድርገው አዩና ሜዳውን እየቀዘፉ ራቁ። አለምነሽም እንባዋን ለቀቀችው። በቀብሩ ዕለት መዘምራኑ ሲዘምሩ፣ ሽማግሌው ራሳቸው፣ "ተስፋ እንደሌላቸው አናለቅስም" ሲሏት፣ ነጠላዋን ነክሳ የዋጠችው ለቅሶ ዛሬ ወጣ። "ሽበሺዬ! ልጅህ መጣልህ! ቢዘገይም መጣልህ!" እያለች ደረቷን መታች።

ለቅሶ ሲበዛ "ይብቃችሁ" የሚለው ሽማግሌ ነው። ሮዳስ ዓይኗን ወደ አቶ ወልደአማኑኤል አቀናች፤ በርናባስም አያቸው። እሳቸው ኮታቸውን ሰብሰብ አድርገው ሣሩ ላይ ከዋሲሁን ጎን ተቀመጡና ዝም አሉ።