ቦክሂ ውሃ ላይ ተኛች

ቦክሂ እናቷን አሥራ አንድ ዓመት አስታመመች። ስታጎርሳቸው፣ ስታጥባቸው፣ ቁስል እንዳያወጡ ጎናቸውን ስታገላብጥ፣ በአርባ ሁለት ዓመቷ የጀመረችው በሃምሳ ሦስት ዓመቷ አለቀ። እናቷ በብርዱ ወራት አረፉ። ለቅሶ የመጣው ሁሉ «እንግዲህ አንቺም እፎይ በይ» አላት። እፎይ ልትል ቤቷ ገባች፤ ቤቱ ግን ጭር አለባት። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች። ያላት አንድ ወንድም ሲሆን እሱም የሚኖረው ሩቅ፣ ዋና ከተማው ሴኡል ነው።

የምትሠራው በደቡብ ኮሪያ፣ ቶንግዮንግ በምትባል ከተማ ወደብ ላይ፣ ሴቶች ተደርድረው ዛጎል እየፈለቀቁ ሥጋውን በሚያወጡበት ቤት ነው። አንድ ቀን ከጎኗ የምትቀመጠው ጆንግሬ ለሠራተኞቹ ግብዣ ምን ይሁን ብላ ሁሉንም ስትጠይቅ እሷ ጋ ደረሰች።

«አንቺስ ምን ትወጃለሽ?»

ቦክሂ ቢላዋዋን ሌላ ዛጎል ውስጥ ሰካች። ያን ሁሉ ዓመት የበላችው ከእናቷ የተረፈውን ገንፎ ነበር።

«እኔ እንጃ።»

«ወይ ጉድ! የምትወጂውን ነው የማታውቂው?»

ሴቶቹ ሳቁ፤ እሷም አብራ ሳቀች። አውቶቡስ ውስጥ ግን ነገሩ ከነከናት። ቤቷ ሳትደርስ ወሰነች፤ በየእሑዱ ዕድሜዋን ሙሉ አድርጋው የማታውቀውን አንድ ነገር ልትሞክር።

በመጀመሪያው እሑድ፣ ሰው ሥጋውን በየገበታው በከሰል ራሱ እየጠበሰ ወደሚበላበት ጥብስ ቤት ሄደች።

«ስንት ናችሁ?» አለች የጥብስ ቤቱ ባለቤት።

«አንድ ነኝ።»

«ለአንድ ሰው ከሰል አናቀጣጥልም እህቴ። ከሁለት ሰው በታች አይሆንም።»

«የሁለት ሰው አምጪልኝ።»

«ሌላው ሰው እየመጣ ነው?»

«እየመጣ ነው» አለች፣ ሳታስበው።

ፊት ለፊቷ ሌላ ማንኪያ ተቀመጠ። ሥጋውን እየገለበጠች፣ እየቆረጠች፣ በሰላጣ ቅጠል እየጠቀለለች ግማሹን በላች። የቤቱ ባለቤት መጥታ «ቀረ እንዴ?» ስትላት «ቀረ» አለች። ሥጋው ግን ጣፍጧት ነበር።

በሁለተኛው እሑድ ጭፈራ ቤት ሄዳ አንድ ሰዓት ሙሉ ግድግዳ ተደግፋ ቆመችና ወጣች። በሦስተኛው ሲኒማ ገብታ እንቅልፍ ወሰዳት። በአራተኛው የከተማው መዋኛ ተመዘገበች። ባሕሩ ዳር ተወልዳ ባሕሩ ዳር ያረጀች ሴት፣ ውሃ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ አልፎ አያውቅም ነበር።

አስተማሪዋ ሄራን የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት ቀጭን ሴት ናት። ቦክሂን በጀርባዋ ውሃው ላይ አስተኝታ መዳፏን ከወገቧ ሥር አደረገች።

«እትዬ፣ አንገትዎን ይልቀቁት።»

«ለቀቅኩት እኮ!»

«ኧረ አልለቀቁትም! ይዤዎታለሁ፣ አይፍሩ።»

ቦክሂ ያቺ እጅ እንዴት እንደምትሞቅ ልብ አለች። አሥራ አንድ ዓመት ሰው ስታነሳና ስታስተኛ፣ እሷን ደግፎ የያዛት አልነበረም። ዓይኗ በእንባ ሞላ። ፊቷ እርጥብ ስለነበር ማንም አላወቀባትም።

ይህ ለሁለት ወር ቀጠለ። አንድ እሑድ ሄራን ሌላ ተማሪ ልታርም ዞር ባለችበት፣ ቦክሂ ከታቿ እጅ እንደሌለ አወቀች። አልሰመጠችም። ጣሪያውን እያየች ተኝታለች። ቀና ብላ ስትፈልጋት ሄራን በገንዳው ወዲያኛው ጫፍ ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ሌላም ያየ ሰው አልነበረም።

ልብሷን ለብሳ ለወንድሟ ለሳንጉ ደወለች።

«ተንሳፈፍኩ እኮ!»

«ምን ሆንሽ?»

«ዋና እየተማርኩ ነው። ዛሬ ብቻዬን ተንሳፈፍኩ።»

«በዚህ ዕድሜሽ? ኧረ እህቴ፣ ጉልበትሽን እንዳትጎጂ። በይ፣ እንግዳ አለብኝ፣ እደውልልሻለሁ።»

አልደወለም። ሰኞ ለጆንግሬ ነገረቻት።

«ጉቶም ይንሳፈፋል እኮ!» አለች ጆንግሬ፣ ዛጎሉን እየፈለቀቀች። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ጆንግሬ ክፋት የላትም፤ ወዲያው ስለ ምራቷ ማውራት ቀጠለች። ቦክሂም ወደ ቢላዋዋ ተመለሰች።

በነሐሴ መጨረሻ፣ አንድ ጠዋት፣ ከከተማው ወጣ ወዳለች ትንሽ የባሕር ዳርቻ በአውቶቡስ ሄደች። ቀሚሷን ድንጋይ ላይ አጣጥፋ አስቀመጠች። ውሃው እስከ ጡቷ ሲደርስ ዞራ ዳርቻውን አየች። ቢሆንም አንገቷን ለቀቀችና ተኛች። ጆሮዋ ውሃ ውስጥ ገባ፤ ድምፅ ሁሉ ጠፋ። ከላይዋ ሰማይ ብቻ ነበር። ማዕበሉ ቀስ ብሎ ከፍ ዝቅ ያደርጋታል።

ምን ያህል እንደቆየች አታውቅም። ከሩቅ የሚመስል ጩኸት ስትሰማ ቀና አለች። ቋጥኝ ላይ ዓሣ የሚያጠምድ ሽማግሌ ዘንጉን ጥሎ ቆሞ ነበር።

«አንቺ ሴትዮ! በሕይወት አለሽ?»

«አለሁ! እየተንሳፈፍኩ ነው!»

«የሞትሽ መስሎኝ እኮ ነው! ሰው ልጥራልሽ?»

«ማንን?» አለች ቦክሂ።

ሽማግሌው እጁን አወናጨፈና ወደ ዘንጉ ተመለሰ። ቦክሂ ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ጨዋማ ውሃ አስዋጣት፣ አስሳላት። ትንፋሿ እስኪመለስ ቆመች። ከዚያ እንደገና በጀርባዋ ተኛች፤ ሽማግሌውም፣ ዳርቻውም ከዓይኗ ጠፉ። የአውቶቡሱ ሰዓት እስኪደርስ ድረስ አልወጣችም።