የወይኖ እግር

መሐላውን የጠየቀው ራሱ ጎሹ ነው፤ ማንም አልገፋውም። «ቁርዓን ይዞ ይማልልኝ፤ በሬህን አልመታሁም ይበለኝ» አለ። ካለ በኋላ ግን ሳምንቱን ሙሉ እህል አልበላ አለው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጎሹና ሙሐባው ያላቸው አንዳንድ በሬ ነው፤ አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሱባቸዋል። አባቶቻቸው በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ በአንድ መኪና ተጭነው እዚህ ቆላ የሰፈሩ ናቸው። ልጆቹም ከሥጋ በቀር ሁሉን ተካፍለው አደጉ። ዘንድሮ የጎሹ በሬ ወይኖ ከሙሐባው ተራ ሲመለስ አነከሰ። ጎሹ እግሩን ቢዳስሰው አጥንቱ ላይ ጠጣር እብጠት አገኘ። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል? «ዱላ ነው» አለ። ዝናቡ ጀምሯል፤ ቅንጅቱ ከፈረሰ የሁለቱም መሬት ጦሙን ሊያድር ነው። ቢሆንም ጎሹ እልኸኛ ነው፤ እልኸኛ ደግሞ መጀመሪያ የሚጎዳው ራሱን ነው።

ወይኖን ከደጁ አሰረው። ጭድ እያቀረበ፣ ጠዋት ማታ ከጉድጓዱ እየቀዳ አጠጣው። የእጅ ፓምፕ ያለው ይህ ጉድጓድ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የተቆፈረው ጎሹ በሰጠው መሬት ላይ ነው። የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢም እሱ ነው፤ መንደሩ «የጎሹ ውሃ» ሲለው ደስ ይለዋል። ሙሐባው ከወንዙ ማዶ ስለሚኖር ቤተሰቡም በሬው ቦራም የሚጠጡት ከምንጭ ነው። አንድ ጊዜ «ወይኖንም ወደ ምንጩ ልውሰድልህ፤ ውሃችሁ አፌን አልጥመው አለ» ቢለው፣ ጎሹ ቅናት ነው ብሎ ሳቀበት።

የጎሹ ልጅ ይመኙሽ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ጥርሷ ቡናማ ጣል ጣል ያለበት፣ ጫፍ ጫፉ የተሸራረፈ ነው። አባቷ ጠዋት ጠዋት መፋቂያ አስይዟት በላይዋ ይቆማል። «ፍቂ! የሙሐባው ልጅ የሲሀም ጥርስ እንዴት እንደሚያበራ አታይም? ስንፍና ነው እንጂ!» ድዷ እስኪደማ ትፍቃለች። ስትስቅም አፏን በእጇ መሸፈን ለምዳለች።

አርብ ከጁምዓ በኋላ ሰው ከሾላው ሥር ተሰበሰበ፤ ወይኖና ቦራም እዚያው ታስረዋል። ሙሐባው ቁርዓኑን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ መጣ። ጎሹን ቀና ብሎ አላየውም። ሽማግሌው አያ ደሴ ግን ለመሐላ አይቸኩሉም።

«ለክትባት የመጣችው የከብት ሐኪም እዚሁ አለች» አሉ። «መጀመሪያ እግሩን ትየው።»

«ምኑን ታየዋለች፣ አያ? እርስዎም ዳስሰውታል እኮ!» አለ ጎሹ።

ሐኪሟ የምስራች ወጣት ናት፤ ጎሹ አልወደዳትም። የወይኖን እግር ዳሰሰችና ወደ አፉ ሄደች። ጥርሱ እስከ ድዱ ተፍቆ አልቋል፤ የቀረውም ጠቋቁሯል።

«ዕድሜው ስንት ነው?»

«ስድስት።»

«ጥርሱ የሽማግሌ በሬ ነው።» የቦራንም አፍ ከፍታ አየች። ንጹሕ ነው። «ይሄኛውስ ምን ይጠጣል? ያኛውስ?»

አያ ደሴ ነገሯት። የምስራች የወይኖን እግር እንደገና ዳሰሰች።

«ይሄ የዱላ አይመስለኝም። ፍሎራይድ የሚባል ነገር አለ። ውሃ ውስጥ ሲበዛ ጥርስ ይበላል፣ አጥንት ያሳብጣል። አይታይም፤ ቢያፈሉትም አይወጣም። ውሃውን እንጅባራ ወስጄ አስመረምራለሁ። እስከዚያ ከጉድጓዱ ማንም እንዳይጠጣ፤ ሰውም ከብትም።»

ጎሹ ሊከራከር አፉን ከፈተ። ከኋላው ቀጭን ድምፅ ቀደመው።

«እኔም የምጠጣው ከእሱ ነው» አለች ይመኙሽ።

የምስራች በርከክ ብላ አፏን አስከፈተቻት። ለረጅም ጊዜ አየች። «አይዞሽ፣ የኔ እናት» አለቻት፤ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ይሄ በመፋቂያ የሚለቅ አይደለም።»

ጎሹ ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። ስንት ጠዋት ጮኸባት! ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሱ ደግሞ በገዛ እጁ እየቀዳ ለልጁም ለበሬውም ሰጠ፤ ጓደኛውን ግን ሊያስምል ቁርዓን አስያዘ።

ማንም ሳያዘው ወደ አንድ ድንጋይ ሄደ። በደለኛ ይቅርታ የሚለምነው ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ነው፤ አባቱም እንዲያ ሲያደርጉ አይቷል። ሊያነሳው ጎንበስ ቢል ወገቡ እምቢ አለ። እንደገና ሞከረ። እጁ ከጉልበቱ በታች አልወርድ አለ፤ አንገቱ ድርቅ ብሎ ቀረ፤ ላብ አጠመቀው። ለሁለት ዓመት የሞፈር ድካም ነው እያለ ለሚስቱ እንኳ ያልነገረው ነገር ሰው ሁሉ ፊት ወጣ።

ሙሐባው ቁርዓኑን ለአያ ደሴ አስይዞ መጣና ትከሻውን ያዘው።

«ተው በቃ፣ ጎሹ።»

«አነሳዋለሁ።»

«አታነሳውም» አለ ሙሐባው። «አንተስ ስንት ዓመት ጠጣህ?»

ጎሹ ቀና ሊል ፈለገ፤ ቀና ማለቱም አልሆነለትም። እንዳጎነበሰ የሙሐባውን ክንድ ጨብጦ አለቀሰ።

«ሂድና የፓምፑን እጀታ ፍታው» አለው። «ብሎኑ ታች ነው፤ እኔ አልደርስበትም።»