የኦትማር ሮዝ መደብ

በጀርመን አገር፣ በክቬድሊንቡርግ ከተማ የአበባ ዘር ማሳ ሽማግሌው አለቃ ኦትማር አርባ ዓመት ሙሉ ያለ ቀለሙ የበቀለውን አበባ፣ ንብ ቀድማ ከሌላው ሳታዳቅለው፣ ሲነቅሉ ኖረዋል። በነጩ መደብ ቀይ አበባ ካዩ እንቅልፍ የላቸውም። ቲልዳ የምትባለው ሠራተኛቸው ግን የአንበሳ አፍ የሚባለውን አበባ፣ ቀዩን ከነጩ በብሩሽ አዳቅላ ሮዝ አበባ ስታሳያቸው፣ ለመንቀል የዘረጉት እጅ በአየር ላይ ቀረ። ሚስታቸው ሄርሚነ በሠርጓ ቀን ያሰረችው ሪባን ቁርጥ ይህን ይመስል ነበር።

«የነዚህን ዘር ስጪኝ። ለሃምሳኛ የጋብቻ ዓመታችን ደጃችንን ሮዝ በሮዝ አደርገዋለሁ» አሉ።

«ሮዝ የሚወጣው ግማሹ ነው። ሩቡ ቀይ፣ ሩቡ ነጭ ይሆንብዎታል።»

«የትኛው ፕሮፌሰር ነገረሽ?»

«ጣቴ! ካቻምና የሮዞቹን ዘር ከጎተራው ጀርባ ዘርቼ ቆጥሬያለሁ።»

«ወተትና ቡና ከተቀላቀሉ ወዲያ ሲለያዩ አይቼ አላውቅም።»

«እንግዲያው ቁርስዎን አይዝሩ!»

ሠራተኞቹ በሳቅ ፈረሱ። ኦትማር ግን ዘሩን ወሰዱ፤ ለከተማውም ሁሉ «ሮዝ ብቻ!» ብለው አወሩ።

ቲልዳ ተናደደች። ሽማግሌው በበዓሉ ቀን በእንግዳ ፊት እንደሚያፍሩ ማሰቡ ግን ከንዴቷ ባሰባት። ስለዚህ ቀዩንና ነጩን ዳግም አዳቅላ፣ ዘሩን በሃያ ማሰሮ ዘራች።

በበዓሉ ጠዋት ማሰሮዎቹን በጋሪ ስትገፋ ደረሰች፤ ሃያውም ሮዝ ናቸው። የደጁ መደብ ግን ቀይ፣ ሮዝ፣ ነጭ ተዘበራርቆበታል። ኦትማር የክት ሱሪያቸውን ጭቃ አስነክተው ተንበርክከዋል፤ እጃቸው የመጀመሪያውን ቀይ ግንድ ጨብጧል። «አላልኩዎትም?» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር፤ ጉልበታቸውን አይታ ዋጠችው።

«እነዚህ የሮዝ ልጆች አይደሉም፤ ቀይ እናት፣ ነጭ አባት ያላቸው ናቸው፤ አንዱም አይከዳዎትም። የሚነቅሉትን በእነሱ ይተኩ» አለች ቀስ ብላ።

ሄርሚነ በመስኮት ብቅ አለች። «ተው አንተ ሰውዬ! አርባ ዓመት ስትነቅል ኖረህ በሠርጌ በዓልም ቀን? ሁሉም የኔ ናቸው፤ ማሰሮዎቹ ገበታው ላይ ይሁኑ።»

ኦትማር ግንዱን ለቀቁ። ቆባቸውን አስተካክለው በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ፤ እንግዶች በር ላይ ቆመው ጠበቁ።

«ስድሳ አራት እግር። ቀይ አሥራ አምስት፣ ነጭ አሥራ ስድስት፣ ሮዝ ሠላሳ ሦስት» አሉ በመጨረሻ። ከዚያ ቲልዳን በጎን አይተው፣ «ግማሽ አልሽ አይደል? አንዷ ተርፋለች። ተሳስተሻል፣ ልጄ» አሏት።

የተረፈችውንም ቀጥፈው ለሄርሚነ በመስኮቱ አቀበሏት።