እናቱን ያስተኛ ኢንጂነር

ኢንጂነሩ ሙያውን አያውቅም የሚል ካለ ውሸታም ነው። በየከተማው የተበተኑ ሰርቨሮችን ማስማማት ነው ሥራው። ብዙ ማሽኖች አንድ ዓይነት መረጃ ይይዛሉ፤ አንዱ ቢሞት የቀሩት ተማክረው መሪ ይመርጣሉ፤ ደንበኛው ምንም ሳይሰማው ጉዳዩን ይጨርሳል። ይህን ነገር እሱን ያህል አብጠርጥሮ የሚያውቅ አዲስ በተቀጠረበት የክላውድ ኩባንያ ውስጥ ቢፈለግ በጣት የሚቆጠር ነው። ታዲያ እንዲህ ያለ ሰው የት ይመደባል? ስቶሬጅ ቡድን ነዋ፤ የደንበኞቹ መረጃ ሁሉ የሚቀመጠው እነሱ ዘንድ ነው።

በዚያ ኩባንያ አዲስ ገቢ ቡድኑን የሚመርጠው ራሱ ነው። የስቶሬጅ ኃላፊው፣ ትልቁም ትንሹም «ጋሼ» የሚላቸው ሰው፣ ገና በመጀመሪያው ሳምንት ዓይናቸውን ጣሉበት። «ወንበርህን አዘጋጅቻለሁ» አሉት፤ እውነትም ከመስኮቱ አጠገብ አዘጋጅተውለት ነበር። እሱም ቢሆን ለዓመታት ሲመኘው የኖረው ይህንኑ ቡድን ነው። ችግሩ ተረኝነቱ ነበር። የስቶሬጅ ሰው ተራው ሲደርስ የተረኛውን ስልክ ይይዛል፤ ስልኩ በጮኸ ሰዓት፣ ቀንም ይሁን ሌሊት፣ ተነስቶ የተበላሸውን ማቃናት አለበት።

በፊተኛው መሥሪያ ቤቱ አንድ ጠዋት ስልኩ ጮኾበት ነበር። የማሽኖቹ ግማሽ ከሌላው ግማሽ ጋር መስመሩ ተቋርጦ፣ ሁለቱም ወገን የየራሱን መሪ መርጦ፣ እርስ በርሱ የሚጣረስ መረጃ ይጽፍ ጀመር። መፍትሔው ኢንጂነሩ ጭንቅላት ውስጥ ቁጭ ብሏል፤ እጁ ግን ኪቦርዱ ላይ ደርቆ ቀረ። ሌላ ሰው ደርሶ እስኪያስተካክለው ድረስ አንዲት ፊደል አልጻፈም። ማንም አልተቆጣውም፤ ከዚያን ቀን ወዲህ ግን የተረኛ ስልክ ሲጮኽ ከሰማ ክፍሉን ለቆ ይወጣል።

እና ፈራሁ ማለት ምን ነውር አለው? ሰው ነው፣ ይፈራል። እሱ ግን ጋሼ ፊት ቀርቦ ምን ቢል ጥሩ ነው? «እናቴ ልቧን ታማለች። ሌሊት እየተነሳሁ የማያት እኔ ነኝ፤ ተረኛ መሆን አልችልም።» አፉ ላይ የመጣለትን ነው የተናገረው፤ ከወጣ በኋላ ደግሞ መመለሻ አጣ። ጋሼ ትከሻውን ያዝ አድርገው «እናት ትቅደም» አሉት። እሱም ተረኝነት የሚባል ነገር የማያውቀውን፣ ቀኑን ሙሉ ግራፍ ሲስል የሚውለውን የዳሽቦርድ ቡድን መረጠ።

እናትየዋን ብታዩአት ደግሞ ጉድ ትላላችሁ። ጡረታ የወጣች አዋላጅ ነርስ ናት። ሊፍቱን ንቃ፣ ድንች ተሸክማ አራተኛ ፎቅ በደረጃ ትወጣለች። ጉንፋን ራሱ የሚፈራት ሴት ናት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ጋሼ ደወሉ። «ከሕንፃው በር ላይ ነን። እናትህን ሳንጠይቅ ይህን ያህል መቆየታችን አሳፍሮን ነው» አሉት። ኢንጂነሩ ቀልቡ ተገፈፈ። እናቱ ወንበር ላይ ወጥታ መጋረጃ ትሰቅላለች።

«ማነው?» አለችው።

«የመሥሪያ ቤት ሰዎች ናቸው። አንቺን ሊጠይቁ ነው የመጡት።»

«እኔን? ምን ሆኜ?»

«ታማለች ብዬ ነበር፣ እማዬ። ተረኛ ላለመሆን...»

እናቱ ከወንበሩ ላይ ቁልቁል አየችው። በጥፊ ብትለው ይሻለው ነበር።

«ምኔን ነው የታመምኩት?»

«ልብሽን።»

«እሱስ አሁን እውነት ሊሆን ነው» አለችና ወረደች።

ቁጣውን ለኋላ አቆየችው። ጉትቻዋን አወለቀች፣ ሻሿን ጠበቅ አድርጋ አሰረች፣ ሁለት ትራስ ደራርባ ከወገቧ ቀና ብላ ተኛች፤ ልቡን የታመመ ሰው ጠፍጣፋ መተኛት እንደማይችል በሥራ ዘመኗ ስንቱን አይታለች። ልጇን ለማዳን ስትል፣ እንደዚያ ደህና አድርጋ ስትታመም ማየት ለእሱ ሞቱ ነበር።

ጋሼ ብርቱካን ይዘው ገቡ። ከኋላቸው ከስቶሬጅ ቡድን አንዲት ወጣት ኢንጂነር ተከተለች፤ በቅርቡ የወለደች ናት፣ ዓይኗ ቀልቷል።

«እንዴት ነዎት፣ እማማ?» አሉ ጋሼ።

«ተመስገን። ልጄ አለልኝ» አለች በቀጭን ድምፅ። «ሌሊት ስጠራው ከተፍ ይላል።»

ኢንጂነሩ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

ወጣቷ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና የእናትየዋን እጅ ያዘች። «እሱ ባይመጣልን ነው እንጂ ወንበሩ ያው ባዶውን ነው። የእሱን ተራ እኔ ደርቤ ይዤዋለሁ፤ እርስዎ በዚህ እንዳይሳቀቁ።»

«ሕፃን አለሽ?» አለች እናትየዋ።

«አለች። ገና ጥርስ አላወጣችም።»

አዋላጅዋ የወጣቷን የቀላ ዓይን ትንሽ አየችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ጋሼ ደከማት ብለው «እንሂድ፣ እንሂድ» አሉ።

በሩ ተዘጋ።

«ሄዱ?» አለች እናቱ ፊቷን ሳታዞር።

«ሄዱ።»

«ልነሳ?»

እናት ከገዛ አልጋዋ ለመነሳት ልጇን ፈቃድ ጠየቀች። መልሱንም አልጠበቀች። እሷው ራሷ ተነስታ እግሯን መሬት ላይ አደረገች። እንዳሰበው አልጮኸችም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ተረኛ ነበርኩ። ትኩሳት እያነደደኝ እንኳ አሞኛል ብዬ ቀርቼ አላውቅም። ዛሬ ባንተ ቀረሁ» አለችው።

ኢንጂነሩ በነጠላ ጫማው ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። ጋሼ የመኪናውን ሞተር አስነስተው ነበር፤ መስኮቱን ዝቅ አደረጉ።

«ረሳን እንዴ የሆነ ነገር?»

«እናቴ አልታመመችም» አለ። «ታማም አታውቅም። ተረኝነቱን ፈርቼ ነው። የዛሬውንም ያደረገችው ለእኔ ብላ ነው፤ በእሷ እንዳትቀየሙ።»

ጋሼ ሞተሩን አጠፉ። ወጣቷ ኢንጂነር ከጎናቸው ወደ መስኮቱ አዘነበለች።

«ልጄን እያስለቀስኩ እኮ ነው የተነሳሁት» አለች። «ምስኪን እናቱን እያስታመመ ነው፣ ይሁን፣ እያልኩ።»

«አውቃለሁ። ምን እንደምል አላውቅም።»

ቦርሳዋን ከፈተች፤ የተረኛውን ስልክ አውጥታ በመስኮቱ ዘረጋችለት።

«እስከ ሰኞ ጠዋት ያንተ ነው። እኔ ልተኛበት። ካቃተህ ደውልልኝ፤ ግን መጀመሪያ ራስህ ሞክር።»

በሁለት እጁ ተቀበላት።

«ሰርቨሮቹ ውስጥ የምትገባበትን ፈቃድ አሁን ቤት ስደርስ እከፍትልሃለሁ» አሉ ጋሼ። ይህን ሲሉም፣ ሞተሩን አስነስተው ሲሄዱም፣ ቀና ብለው አላዩትም።