ፀሐይ እግር ላይ እስክትደርስ

ሲስተር ሰሎሜ ከአርባ ምንጭ ተመድባ ቢቸና ከመጣች ሁለት ዓመት ሆኗታል። በሁለት ዓመት ውስጥ ግማሹን ከተማ ጨው አስጥላለች። «ጨው ቀንሱ፣ በእግር ሂዱ፣ በጊዜ ተኙ!» ስትል ጤና ጣቢያው ውስጥ ደፍሮ የሚመልስላት የለም። ቤቷ ስትገባ ግን ድንች ጥብሷ ላይ ጨው እንደ በረዶ ታወርዳለች፤ ስልኳን ታቅፋ ዓይኗ እስኪቀላ ታፈጣለች። ማን ያያታል?

አንድ ቀን አዲስ የመጣውን የደም ግፊት መለኪያ በራሷ ክንድ ልሞክረው ብላ ብታስረው 152 በ96 አለ። «ተበላሽቶ ነው የመጣው» ብላ አሮጌውን አመጣች። አሮጌውም አደመባት።

ያንን ሁሉ ሰው ስትቆጣ ኖራ ቢቸና ላይ መታከም አፈረች፤ ሚኒባስ ተሳፍራ ሞጣ ሄደች። እዚያ ዶክተር ምንይሉ መረመራትና፣ «ሦስት ወር እሰጥሻለሁ። ለሰው የምታስተምሪውን ራስሽ አድርጊው። ካልወረደ ኪኒን እንጀምራለን» አላት።

ሰሎሜ ኪኒኑን አልፈራችም። የፈራችው ግማሽ ጎናቸው በዚሁ በሽታ በድን ሆኖ የቀረባቸውን እናቷን አስታውሳ ነው።

በተከራየችበት ግቢ የኔታ ሀብተ ሥላሴ ይኖራሉ፤ የሰማንያ ሦስት ዓመት ሽማግሌ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ቅኔ ሲያስተምሩ ኖረው ጉባኤውን ለደቀ መዝሙራቸው የለቀቁ። አንድ እሑድ ለወጉ ያህል ግፊታቸውን ለካችላቸው። 118 በ76! ደግማ ለካች። ያው ነው።

«የኔታ፣ ምንድን ነው የሚበሉት?»

«ያገኘሁትን።»

«ጠዋት ጠዋትስ የት ነው የሚሄዱት?»

«ቆጠራ ነዋ።»

የቅኔ ተማሪ ብቻውን ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን በሐሳቡ ሲያወጣና ሲያወርድ፣ ቆጠራ ወጣ ይባላል። የኔታ ማስተማሩን ቢተዉም ቆጠራውን አልተዉም።

«እኔም ልምጣ?»

«ነይ። ስልክሽ ግን ይቅር።»

«እርምጃዬን የሚቆጥርልኝ እሱ ነው እኮ!»

«አንች ልጅ፣ እግርሽ መሄዱን አያውቅም?»

«እሺ፣ ስንት ደቂቃ ነው የምንቀመጠው?»

«ደቂቃውን እንጃ። ፀሐይ እግሬ ላይ ስትደርስ እነሳለሁ።»

የቆጠራ ሥርዓቱ መንገድ ላይ አለማውራት፣ ሲደርሱም ለየብቻ ዛፍ መያዝ ነው። የኔታ የቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ ከአንድ ትልቅ ወይራ ሥር ተቀመጡ፤ እሷ ራቅ ካለች ጥድ ሥር። የመጀመሪያው ሳምንት ከጉንዳን ጋር ስትታገል አለቀ። በሁለተኛው ስልኳን ነጠላዋ ውስጥ ሸሽጋ መጣች፤ ጮኸባታ! ወፉ ሁሉ ብር ብሎ ጠፋ። የኔታ ዞረው እንኳ አላዩም። ሲመለሱ ግን፣ «ለደወለው ሰው እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፤ እንቅልፍ ሊወስደኝ ነበር» አሏት። ከዚያ ወዲህ ስልኩ ቤት ቀረ።

አንድ ጠዋት ቀድማቸው ደረሰች። የወይራውን ሥር ያየችው ያን ቀን ነው። የኔታ የሚቀመጡበት ከመሬት የወጣ ወፍራም ሥር ጎድጉዶ፣ ለስልሶ፣ እንደ አሮጌ ሙቀጫ ሆድ ያበራል። እጇን ብትሰድበት ቀዝቃዛ ነው። መጥረቢያ አልነካውም፤ ስድሳ ዓመት ሙሉ በየማለዳው የተቀመጠበት ጋቢ ብቻ ነው የፈገፈገው። ሰሎሜ ነጠላዋን አስተካከለች፤ ለምን እንዳስተካከለች ግን አላወቀችም።

ያን ቀን ጥዷ ሥር ስትቀመጥ የራሷን ትንፋሽ ሰማች። በሠላሳ አራት ዓመቷ ገና ሰማችው! እየዋለ ሲያድር እንቅልፉ ሳይለመን መጣ፤ ጨዉም ለምላሷ ይመራት ጀመር።

ሦስት ወሩ ሲሞላ ሞጣ ወረደች። ዶክተር ምንይሉ ሲለካት ዓይኗን ጨፈነች። ክንድ ቀየረ። ደግሞ ለካ። የእናቷ በድን እጅ ዓይኗ ላይ መጣባት።

«128 በ82» አለ በመጨረሻ። «ኪኒኑ ለጊዜው ይቆየን፤ ክትትልሽን ግን እንዳታቋርጪ። ምን ብታደርጊ ነው?»

ጨው ቀነስኩ፣ በእግር ሄድኩ፣ በጊዜ ተኛሁ ልትል አፏን ከፈተች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ የጮኸችው ይህንኑ ነውና ሳቋ መጣ።

«መቀመጥ ተማርኩ» አለችው።

«በቀን ስንት ደቂቃ?»

«ደቂቃውን እንጃ።»

በማግስቱ ማለዳ የኔታ ምንም አልጠየቋትም፤ ፊቷን አይተው ወደ ወይራቸው አለፉ። እሷም ከመቀመጧ በፊት ጎንበስ ብላ የጥዷን ሥር ዳሰሰች። እንደ ሻከረ ነው። ቅርፊቱ እንኳ ገና አልተላጠም።