መቶ አሥራ ስምንት ደረጃና ቡናማዋ ፓፍ

ጋሽ ደቂቃ የማማውን ሰዓት ሲሞሉ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። እናታቸው ያወጡላቸውን ስም የሚያስታውስ የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው በዚሁ ቅጽል ነው። ሰዓቱ ጋ ለመድረስ መቶ አሥራ ስምንት ደረጃ መውጣት ያስፈልጋል። ድሮ ሁለት ጊዜ አርፈው ይወጡት ነበር፤ አሁን ግን ደረታቸው እያፏጨ አርባኛው ላይ ግድግዳ ተደግፈው ይቀራሉ። አለቃቸው ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገሩን ግን አልሸሸገም። በሦስት ወር ውስጥ ወጥተው መሙላት ካልቻሉ አሮጌው ሰዓት ወርዶ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ይተካል። ጋሽ ደቂቃ ይህን የሰሙ ቀን ምሳ አልበሉም።

ልጃቸው እጃቸውን ይዛ ሐኪም ዘንድ ወሰደቻቸው። አስሙ ከልጅነታቸው ጀምሮ አብሯቸው አለ፤ ሲብስባቸው ሰማያዊዋን ፓፍ፣ በአፍ የምትሳበውን የትንፋሽ መድኃኒት፣ ሁለት ጊዜ ስበው ሥራቸውን ይቀጥላሉ፣ አለቀ። ሐኪሟ ይህን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ሰማያዊዋ ጭሱን ታስወጣለች እንጂ እሳቱን አታጠፋም አለቻቸው፤ የአየር ቧንቧውን እብጠት የሚያበርድ፣ በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት ያስፈልጋል። አንዱ ማታ ማታ የሚዋጥ ክኒን ነው፤ ለአንዳንዱ ይስማማል፣ አንዳንዱን ደግሞ እንቅልፍ ይነሳዋል። ሌላዋ ጠዋትና ማታ የምትሳብ ቡናማ ፓፍ ናት፤ መድኃኒቱ ቀጥታ እብጠቱ ላይ ስለሚያርፍ ለአብዛኛው ሰው ከክኒኑ ትበልጣለች፤ ከሳቡ በኋላ አፍን መጉመጥመጥ ነው። እሷ ብቻዋን ካልበቃች ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ የያዘች ሦስተኛ አለች።

ጋሽ ደቂቃ በየቀኑ የሚሳብ ሲባል ደነገጡ። ጎረቤታቸው ፓፍ ሱስ ነው፣ አንዴ ከለመዱት አይለቅም ብሏቸው ስለነበር ክኒኑ ካልሆነ ብለው ድርቅ አሉ። ሐኪሟ የእሷ ምርጫ እንዳልሆነ ነግራቸው፣ ከምንም ይሻላል ብላ ጻፈችላቸው። የትንፋሽ መለኪያም ሰጠቻቸው፤ ቱቦው ሲነፋ ትንሽ ቀስት ቁጥሮቹ ላይ ትንሸራተታለች። በየጠዋቱ እየነፉ ደብተር ላይ እንዲጽፉ አዘዘቻቸው።

ሦስት ሳምንት ጻፉ። ሁለት መቶ አርባ። ሁለት መቶ ሃምሳ። ተመልሶ ሁለት መቶ አርባ። ደረጃውም እንደዚያው። ሠላሳ አንድ ዓመት የላላ ሲያጠብቅ፣ የጠበቀ ሲያላላ የኖረ እጅ ይህን እያየ ዝም አይልም። መለኪያው ተይዟል ብለው ፈረዱ። አንድ ጠዋት በትንሿ መፍቻ ከፈቱት፣ ሞላውን አላሉት፣ መንሸራተቻውን ወልውለው ጠብታ ዘይት ጨመሩበት። በማግስቱ ቀስቷ አራት መቶ ላይ ደረሰች። ክኒኑን እያመሰገኑ ጻፉ።

ሐኪሟ ደብተሩን አይታ ደስ አላት፤ ደረታቸውን ስታዳምጥ ግን ፉጨቱ አለ። ግራ ገብቷት በራሷ መለኪያ አስነፋቻቸው። ሁለት መቶ አርባ። የእሳቸውን ተቀብላ፣ ጠርጋ፣ ራሷ ስትነፋበት ቀስቷ ጫፍ መትታ ቆመች። ምን እንዳደረጉት ስትጠይቃቸው ምንም ሳያፍሩ እንዳስተካከሉት ነገሯት። እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

«አባባ፣» አለች ሳቋ ሲበርድላት፣ «የሚዘገየው እኮ መለኪያው አይደለም፤ እርስዎ ነዎት።»

ጋሽ ደቂቃ ክው አሉ። በዚህ ዓለም የሚንቁት ሰው ቢኖር፣ ውስጡ የተበላሸን ሰዓት ሳይከፍት ቀስቱን በጣቱ ገፍቶ ሠራሁት የሚል ሰዓት ሠሪ ነው። ያንኑ ራሳቸው አድርገው ተገኙ። ቡናማዋን ፓፍና አዲስ መለኪያ ሳይከራከሩ ተቀበሉ። ስለ ሱሱ ብቻ ጠየቁ። ሰዓቱስ በየሳምንቱ ካልተሞላ ይቆም የለ፣ ታዲያ ሱሰኛ ይባላል እንዴ ብላ መለሰችላቸው። ስለዚህ ሻል ሲላቸውም እንዳያቋርጡ አስጠነቀቀቻቸው።

በመጀመሪያው ሳምንት ምንም የታየ ነገር የለም፤ አጉረመረሙ። አዲሱን መለኪያ ግን አልነኩትም፤ ልጃቸው መፍቻዎቹን ቆልፋባቸው ነበርና። በሁለተኛው ሳምንት ሁለት መቶ ሰባ፣ በአምስተኛው ሦስት መቶ አርባ ጻፉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ነቅተው እንደተጋደሙ አንድ ነገር ጎደለባቸው። መኝታ ክፍላቸው ውስጥ ሰባት ሰዓቶች አሉ፤ ሰባቱም እያንዳንዳቸው በየድምፃቸው ሲመቱ ይሰማቸዋል። ለዓመታት የሚሰሟቸው አንድ ላይ ተጨፍልቀው ነበር። ከመሃል የጠፋው የገዛ ደረታቸው ፉጨት ነው። ጉድ እኮ ነው አሉ በሹክሹክታ። ከመዳፍ የምታንስ ቆርቆሮ ይህን ማድረጓን ማመን አቅቷቸው፣ ነገሩ እንዳይበረግግ የፈሩ ይመስል ሳይንቀሳቀሱ ብዙ አዳመጡ።

ሦስት ወሩ ሊሞላ አራት ቀን ሲቀረው ማማው ሥር ተገኙ። አለቃው ታች ቆመ፤ ልጃቸው ከኋላ ተከተለች። አርባኛው ላይ ትደግፋቸው ዘንድ እጇን ዘረጋች፤ አለፉት። ሰማንያን አለፉ፣ መቶን አለፉ። አናቱ ላይ እጀታውን ጨብጠው ክብደቶቹን አንድ በአንድ እስከ ላይ አወጧቸው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጣሪያዎቹ እያዩ አየር ሳቡ። ገባ። ወርዶ ወርዶ ማለቂያ ያጣ መሰላቸው። ስድሳ አራት ዓመት ሲኖሩ ደረታቸው ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አያውቁም ነበር። ወደ ልጃቸው ሲዞሩ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ይሄ ነው እንዴ?» አሉ። «እናንተ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የምትተነፍሱት?»

ሕፃን ሳለች አባቴ ሰነፍ ነው፣ አብሮኝ አይሮጥም እያለች ለጓደኞቿ ታወራ ነበር፤ ሁለቱም ያስታውሱታል። መስኮቱ ጋ አጠገባቸው ቆማ እጃቸውን ያዘች። አብራቸው አየር ሳበች።